አስታማሚ ስትቀጥሩ ሒሳቡ የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ባሕር ዳር ቤት ለቤት እየዞርኩ ቁስል የማጥብ፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) የምቀይር ነርስ ነኝ። አንዳንዴ ወደ መራዊና ወደ ዱርቤቴም እወጣለሁ። ቤቱ ይለያያል፤ የምጠየቀው ግን ሁሌም አንድ ነገር ነው፦ «ለአስታማሚ በወር ስንት ይከፈላል?» ልክ ነው፣ መጠየቅ አለበት። ግን ከዚያ በፊት «አባባን አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ቤት ውስጥ ለመያዝ ምን ምን ያስፈልጋል?» መባል አለበት። ይሄኛውን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ አይደለም። በጀቱ የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው።

ደመወዙን ብቻ መቁጠር

አዳሪ አስታማሚ ቤታችሁ ትበላለች፣ ትተኛለች። ብትታመም የምታሳክሟት እናንተ ናችሁ። ለፋሲካ አገሯ ስትሄድ የመኪና ትሰጧታላችሁ፤ ባዶ እጇንም አትሸኟትም። ይሄን የማያውቅ የለም፤ ወረቀት ላይ የሚጽፈው ግን የለም።

ከዚያ ዳይፐሩ ይመጣል። እስኪ አስሉት። ሽንቱን መቆጣጠር ላቃተው ሰው በቀን 4 ቢቀየርለት በወር 120 ፍሬ ነው። ባለ 10 ከሆነ 12 እሽግ። ጓንት፣ ሳሙና፣ የአልጋ ላስቲክ፣ ቅባት ጨምሩበት። ስኳር ካለባቸው የመለኪያው ስትሪፕ አለ። ብዙ ቤት ይሄ ሁሉ ሲደመር ከአስታማሚዋ ደመወዝ ጋር ይተካከላል፤ አንዳንዴም ይበልጣል።

አንድ ቤተሰብ ለመቆጠብ ብሎ ዳይፐሩን በቀን 2 አደረገው። በእርጥበት የቆየው ቆዳ ተላጠ፣ ከዚያ ቆሰለ። ከዚያ እኔ ተጠራሁ። ቁስሉ እስኪደርቅ ለእኔ፣ ለፋሻና ለመድኃኒት የወጣው ብር ከዳይፐሩ እጅግ በለጠ። የእማማ ስቃይ ደግሞ ከነጭራሹ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ውጭ አገር ላሉት ልጆች አንድ ነገር ላስታውስ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ዳይፐሩም፣ ስትሪፑም፣ ካቴተሩም በብዛት ከውጭ የሚገቡ ናቸው። «ያኔ እኮ ይሄን ያህል ልኬ በቅቶ ነበር» ብላችሁ እህታችሁን አትጠርጥሯት።

አንድ ሰው ለቀንም ለሌሊትም

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

አልጋ ላይ የዋለ፣ ራሱን መገልበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ መቀየር አለበት። ይሄ በ24 ሰዓት 12 ጊዜ ነው። ከ12ቱ ግማሹ ሌሊት ላይ ይውላል። ሳምንቱ 168 ሰዓት አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ መደበኛ ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገድበዋል። አዎ፣ የቤት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አትሸፈንም፤ ይሄን የሚነግረኝ ጠበቃ ዘመድ በየቤቱ አይጠፋም። እንቅልፍ ግን አዋጅ አይጠብቅም። 168ን ለ48 ስታካፍሉት ሦስት ተኩል ሰው ይመጣል። እናንተ የቀጠራችሁት አንዲት ልጅ ነው። እሷንም «እግረ መንገድሽን እንጀራ ጋግሪ፣ ልብስም እጠቢ» ብላችኋታል።

አንድ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ስትሮክ የመታቸው እናት ናቸው፤ ግራ ጎናቸው አይሰራም። ከወገባቸው ዝቅ ብሎ የአልጋ ቁስል ጀምሯል። ቁስሉን እያየሁ ሳለ ልጃቸው በንዴት «ሌሊት ትተኛለች እኮ!» አለችኝ። አስታማሚዋ በሩ ላይ ቆማለች፣ ዓይኗ ደም ለብሷል። «ታዲያ መቼ ትተኛ?» አልኳት። መልስ አልነበራትም። አስታማሚዋ በሁለተኛው ወር ጥላ ሄደች። ሌላ መጣች፣ እሷም ሄደች፤ ሦስተኛዋም እንዲሁ። በመጣች ቁጥር የደላላ ኮሚሽን ይከፈላል። በመጣች ቁጥር አመጋገቡን፣ አገላበጡን፣ የመድኃኒት ሰዓቱን ከዜሮ ማስተማር ነው። ቁስሉም ዝም ብሎ አልጠበቀም፣ ጠልቆ ሆስፒታል አስተኛቸው። ቤተሰቡ ዛሬም «ሰው አላገኘንም» ነው የሚለው። ሦስት ደህና ልጆች አግኝተው ሦስቱንም ጨርሰዋል።

እባካችሁ ሌሊቱን ለብቻው በጀት ያዙለት። አቅም ካለ ለሌሊት ሌላ ሰው ይከፈለው። ካልቻላችሁ በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት ተመላላሽ ሰው አስገቡ። ያም ካልሆነ ልጆች ተራ ግቡ፤ ስም ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የአየር ፍራሽ ከቻላችሁ ግዙ፤ ይረዳል፣ ግን መገልበጡን አያስቀርም። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ደግሞ ለአስታማሚዋ ዕረፍት ነው። ያን ቀን ማን ይተካታል? ተከፋይ ከሆነ እሱም በወር አራት ቀን ሒሳብ አለው።

ነርስና አስታማሚን ማምታታት

ገንዘብ ያላቸው ሰዎች «ነርስ ትሁንልን» ብለው ሙሉ ቀን ይቀጥራሉ። ከዚያ ነርሷ አጥሚት ስታጠጣ ትውላለች። ለማጠብ፣ ለማብላት፣ ለመገልበጥ የሰለጠነችና ልበ ሰፊ አስታማሚ ትበቃለች። ነርስ ለቁስል፣ ለካቴተር፣ ለመርፌ በየጉብኝቱ ትከፈላለች። ይሄ ብቻውን ብዙ ብር ያተርፋል።

ተቃራኒውም አለ። በአፍንጫ ቱቦ የሚመገብ ሰው ከሆስፒታል ይዘው ወጥተው ቱቦውን አይታ ለማታውቅ ልጅ ይሰጧታል። ሰውየው ከፍ ብሎ ካልተቀመጠ፣ ከበላ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንደዚያው ካልቆየ፣ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። አስታማሚዋን ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ቅጠሯት። ፈለገ ሕይወትም ይሁን ጥበበ ግዮን፣ ደብረ ማርቆስም ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ዋርድ ውስጥ ያለችው ነርስ እያሳየቻት ሁለት ሦስት ቀን ትለማመድ። የእነዚያ ቀናት ደመወዝ ኪሳራ አይደለም።

ዘመድ በነፃ ያስታምማል ማለት

«ከገጠር የአክስቴን ልጅ እናመጣለን፤ እያስታመመች እናስተምራታለን።» ይሄን ስሰማ ልጅቷ የምትሆነውን ቀድሜ አውቀዋለሁ። ደመወዝ የላትም። የማታ ትምህርት ትመዘገባለች። የመርሳት ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረበሸው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ይነሳል፣ «ቤቴ ውሰዱኝ» ይላል፣ በር ይደበድባል። ልክ ልጅቷ ደብተሯን ይዛ በምትወጣበት ሰዓት። ስለዚህ ዛሬ ትቅር ይባላል፣ ነገም ትቅር ይባላል፣ ዓመቱ ያልቃል። ደመወዟን ክፈሏት። ማስተማሩ በላዩ ይሁን።

ሥራ ትታ የምታስታምመው ሴት ልጅም እንዲሁ። የቀረባት ደመወዝ የቤተሰቡ ወጪ ነው። ወንድሞቿ ይሄን የወጪ ማስታወሻ ላይ ሲያዩት ብዙ ጊዜ ይደነግጣሉ። ይደንግጡ።

የዓመቱን ጥሪት በአንድ ወር መሸጥ

ወደ ገጠር ስወጣ የማየው ነው። ሰው ሲታመም መጀመሪያ በሬው ይሸጣል። የእርሻ በሬ ተሽጦ የሚገኘው ብር ጥቂት ወር ያስታምማል፤ ክረምት ሲገባ ግን ማሳው የሚታረስበት የለም። አዊ ዞን፣ እነ ፋግታ ለኮማ አካባቢ፣ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ፣ ዲከረንሱ፣ ሳይደርስ በችኮላ ይሸጣል። ገዢውም ችግራችሁን ያውቃል፣ ዋጋውን ይሰብራል። ሕመሙ ረጅም መሆኑን ሐኪሙ ከነገራችሁ ቶሎ የሚያልቅ ጥሪት ላይ አትመሥረቱ። መሬት በእኩል መስጠት፣ ጊደር አስቀምጦ ወይፈን መሸጥ፣ ከልጆች በየወሩ የተወሰነ ብር ማስመጣት ይሻላል።

ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይም ጠይቁ። የዳሌ አጥንት ተሰብሮ የተጠገነ ሰው ብዙ እርዳታ የሚፈልገው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከዚያ እየቀለለ ይሄዳል። የመርሳት ችግር በተቃራኒው ነው፣ እየከበደ ይመጣል። ስትሮክ ላይ ሰውነት በፍጥነት የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ስለሆነ የፊዚዮቴራፒውን ብር እዚያ ላይ አውሉት። ውድ ዊልቸር ገዝተው ለፊዚዮቴራፒ «ብር አለቀ» የሚሉ ብዙ አሉ።

ሌሎቹን በአጭሩ።

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የአስታማሚ አይከፍልም። ዱርቤቴ ያለችበት ደቡብ አቸፈር በ2003 ሙከራው ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ ስለሆነ ዱርቤቴ ላይ ይሄን ለማስረዳት አልቸገርም፤ ከተማ ውስጥ ግን አሁንም «መድን አለን እኮ» ይሉኛል። የጤና ተቋሙን ወጪ ስለሚያቀል እድሳቱን አታሳልፉ፣ አስታማሚዋን ግን ከሌላ ኪስ አስቡ።

«እኔ እልካለሁ» ያለ ልጅ ስንት እንደሚልክ፣ በስንት ቀን እንደሚልክ ይናገር። ደብተሩን አንድ ሰው ይያዝ፤ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ለሁሉም ይላክ።

መንገድ ሲዘጋ ዕቃም ሰውም አይደርስም። ጎጃም ውስጥ ይሄን ለማንም መንገር አይጠበቅብኝም። የሁለት ሳምንት ዳይፐርና መድኃኒት፣ ትንሽም ጥሬ ብር ቤት ይኑር። ለአስታማሚዋም ጎረቤት ተተኪ አዘጋጁ።

ተያዥና የመታወቂያ ኮፒ መያዝ ጥሩ ነው፤ ሁሉም ያደርገዋል። ለእሷም ግን ወረቀት ስጧት፦ ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓት፣ የዕረፍት ቀን፣ ስትታመም የሚሆነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው አብራው ለምትኖር ሠራተኛ መኝታዋ፣ ምግቧ፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቷ ጤናዋን የማይጎዳ እንዲሆን ያስገድደዋል። ስለዚህ ወረቀቱ ችሮታ አይደለም።

ጳጉሜንም አትርሱ። በወር ደመወዝ የምትሠራው ብዙ ጊዜ አምስቷን ቀን በነሐሴው ደመወዝ ትውላለች። በቀን ሒሳብ የምትመጣዋ ግን ትቆጥራታለች፣ ትክክልም ናት። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን በዶሮ ወጥ ላይ የሚነሳ ጭቅጭቅ ስለሆነ ነሐሴ ሳያልቅ ተነጋገሩበት።