የቆየ ማሲንቆን በቤት ስለማጽዳት

በጎጃም፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጥቀርሻ የጠጣ የአያት ማሲንቆን ለማጽዳት የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ውሃን ከቆዳው ማራቅ ይኖርበታል፤ ቆዳው ሲርስ ይላላል፣ ሲደርቅም እየተኮማተረ ከጠርዙ ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ መቃኛውን አላልቶ ጭራውን ካረገበ በኋላ ቆዳውን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያራግፈው። እንጨቱን ግን በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጠርጎ ወዲያው ካደረቀ በኋላ የተልባ ዘይት በስሱ ቀብቶ ትርፉን ይወልውል፤ ለዚህ ሥራ እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ደጋ ከክረምት ይልቅ በጋው ይመረጣል። ዘይት የጠጣው ጨርቅ ተጨብጦ ከተተወ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችል ደጅ ዘርግቶ ማድረቅ ግድ ነው። የማሲንቆውና የደጋኑ ጭራ ቅባት ከነካው ድምፅ እንዲሰጥ የሚቀባውን ሙጫ አይዝም፣ በወጉም አይጮኽም።