የድሮ ሲትኮም በዲስክ፦ የተመልካች ቅሬታዎች፣ መንስኤያቸውና መፍትሄያቸው

የድሮ የአሜሪካ ሲትኮሞች (ተከታታይ የቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማዎች) በዲቪዲ ወይም ከዲቪዲ የላቀ ጥራት ባለው ብሉሬይ ዲስክ ሲወጡ ተመልካቾች የሚሰጡት አስተያየት ብዙ ጊዜ «ጥራት የለውም» በሚል ይጠቃለላል፤ ከዚህ አባባል ጀርባ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ጉድለቶች አሉ። አንዳንዱ ሌላ እትም በመግዛት ይወገዳል፣ አንዳንዱ የቴሌቪዥኑን ቅንብር በማስተካከል ይፈታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከቀረጻው ጊዜ ጀምሮ ያለ በመሆኑ ምንም ቢከፈልበት አይስተካከልም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የሚያዩት ምልክት ከየት እንደመጣ መለየት ይገባዎታል።

ዘፈኑ ተቀይሯል፤ የተዋናዩም ድምፅ የራሱ አይመስልም

ከቅሬታዎች ሁሉ የከበደው ይህ ነው። ዋነኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1982 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲቢኤስ በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ የተላለፈው «ደብልዩኬአርፒ ኢን ሲንሲናቲ» ነው። ታሪኩ በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የሚካሄድ በመሆኑ የዘመኑ የሮክ ዘፈኖች በየክፍሉ ይሰማሉ። የዘፈኖቹ ፈቃድ የተገኘው ግን ለቴሌቪዥን ስርጭት፣ ያውም ለተወሰነ ጊዜ ነበር፤ ለሽያጭ ለሚቀርብ ዲስክ ከእያንዳንዱ ባለመብት ጋር አዲስ ውል መዋዋልና እንደገና መክፈል ያስፈልጋል። ፈቃዱ ሲያበቃ በድጋሚ ስርጭት ላይ ዘፈኖቹ ማንም በማያውቃቸው ሙዚቃዎች ተተኩ። ዲጄው ጆኒ ፊቨር በዘፈን ላይ ደርቦ የሚናገርባቸው ቦታዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጡ፤ ንግግሩና ሙዚቃው በአንድ የድምፅ ትራክ ላይ ተቀላቅለው ስለተቀረጹ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ማውጣት አልተቻለም፤ በዚህም የተነሳ አንዳንዱ ንግግር በሌላ ሰው ድምፅ ተተካ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያው ምዕራፍ ዲቪዲ ብዙ ዘፈኖቹ የተቀየሩበት ነው። መፍትሄው ሻውት ፋክተሪ የተባለው አሳታሚ በ2014 ያወጣውን ሙሉ ስብስብ መፈለግ ነው፤ ሁሉም ባይሆን እንኳ አብዛኛው የቀድሞ ሙዚቃ ተመልሶበታል። በእኔ እምነት ለዚህ ሥራ ሙዚቃው የታሪኩ አካል እንጂ ማጀቢያ ብቻ ስላልሆነ፣ የ2007ቱ ዲቪዲ በርካሽ ቢገኝም መግዛት አይገባም።

ክፍሉ አጥሯል፤ የሚያስታውሱት ትዕይንት የለም

በድጋሚ የሚያሳዩ ጣቢያዎች ለማስታወቂያ ቦታ ለማግኘት እያንዳንዱን ክፍል ሲቆርጡት ኖረዋል፤ አታሚው ዲስኩን ከዚያ ከተቆረጠው ቅጂ ሲያዘጋጅ ጉድለቱ አብሮ ይመጣል። የ«ሮዛን» የመጀመሪያ ምዕራፍ በ2005 የወጣው በዚህ መልኩ ነበር። የክፍሉን ርዝመት ይመልከቱ፤ የ1970ዎቹ ሲትኮም በተለምዶ ወደ 25 ደቂቃ ሲሆን፣ 22 ደቂቃ ላይ የሚያበቃ ከሆነ መቆረጡን ይጠርጥሩ። «ፍሬንድስ» ላይ ነገሩ ይለያል፤ ዲቪዲዎቹ በስርጭት ያልታዩ ተጨማሪ ትዕይንቶችን ሲይዙ፣ የ2012ቱ ብሉሬይ በስርጭት የታየውን አጭሩን ቅጂ ይዟል። ረጅሙን የሚፈልግ ሰው ዲቪዲዎቹን ማስቀመጥ አለበት።

የሰው ጭንቅላት ተቆርጧል፤ ወይም ሰዎቹ ወፍረው ይታያሉ

ሰዎቹ ወፍረው ከታዩ ጥፋቱ የዲስኩ አይደለም፤ ቴሌቪዥኑ የ4 ለ 3 ምስልን ወደ ጎን እየለጠጠው ነው፤ የምስል ቅንብሩን ወደ 4፡3 ይመልሱት። ግራና ቀኝ የሚታየው ጥቁር ቦታ ትክክለኛ ነው።

ጭንቅላት ከተቆረጠ ግን ምስሉ ራሱ ለሰፊ ስክሪን ተብሎ ከላይና ከታች ተከርክሟል ማለት ነው። «ሳይንፌልድ» በ2021 በኔትፍሊክስ መታየት ሲጀምር፣ ጆርጅ የተባለው ገጸ ባሕርይ ቁልፉ የተቀበረበትን የመንገድ ጉድጓድ በሚያይበት ክፍል ውስጥ ጉድጓዱ ራሱ ከምስሉ ውጭ ቀርቶ ነበር፤ ቀልዱም አብሮ ጠፋ። በ2024 የወጡት የ4ኬ (እጅግ ከፍተኛ ጥራት ያላቸው) ዲስኮችም በሰፊ ምስል የተዘጋጁ ናቸው። ሙሉውን ምስል የሚሹ ሰዎች የቀድሞዎቹን ዲቪዲዎች ይያዙ።

ምስሉ ደብዝዟል

እንደ «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» በቪዲዮ ቴፕ የተቀረጸ ሥራ በየትኛውም ዲስክ ቢወጣ ከቴፑ በላይ ሊጠራ አይችልም። «አይ ላቭ ሉሲ» በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ስለተቀረጸ ግን በ1950ዎቹ የተሠራ ቢሆንም በብሉሬይ እጅግ ጥርት ብሎ ይታያል።

ዲስኩ ጭራሽ አይከፈትም

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የሪጅን ኮድ፣ ማለትም ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚከፈት የሚወስን ቁጥር ነው። የአሜሪካ ዲቪዲ ሪጅን 1 ሲሆን፣ የአብዛኛው አውሮፓ፣ የእስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2፣ የኢትዮጵያ ደግሞ 5 ነው፤ ስለዚህ ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ስብስብ አዲስ አበባ ላይ እምቢ ሊል ይችላል። ሁሉንም ሪጅን የሚያነብ ማጫወቻ ይግዙ። በኮምፒውተር ከሞከሩ፣ የዲቪዲ ማንበቢያው ሪጅኑን 5 ጊዜ ብቻ ስለሚያስቀይር፣ ከዚያ በኋላ በመጨረሻ የመረጡት ላይ ይቆለፋል።