የሟች የባንድ ጓደኛን ጅምር ዘፈን ሲጨርሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የባንድ አባል ሲሞት ያልጨረሰው ዘፈን ካሴት ላይ ወይም ስልኩ ውስጥ ተቀድቶ ሊገኝ ይችላል። የቀሩት «እንጨርስለት» የሚሉት ከፍቅር ነው። ችግሩ ሟቹ «ይሄ አልተመቸኝም» ብሎ መቃወም አይችልም። እሱን ወክሎ የሚቃወም ሰው ስቱዲዮ ውስጥ ከሌለ ስህተቱ እንዳለ ይቀራል። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ወራሾችን ሳያናግሩ መጀመር። ለዓመታት አብራችሁ ስለተጫወታችሁ ብቻ ቅጂው የእናንተ አይሆንም። የቢትልስ ባንድ አባል የነበረው ጆን ሌነን በ1980 ሲገደል ቤቱ የቀዳቸው ዴሞዎች (ጅምር የሙከራ ቅጂዎች) ባለቤቱ ዮኮ ኦኖ ጋ ቀሩ። የቢትልስ ጓደኞቹ ሥራውን የጀመሩት እሷ በ1994 ካሴቶቹን ለፖል ማካርትኒ ከሰጠች በኋላ ነው። የግጥምና የዜማ ድርሻም ያኔውኑ በጽሑፍ ይቋጭ። ዘፈኑ ከተወደደ በኋላ የሚነሳ የድርሻ ጥያቄ ከቤተሰቡ ጋር ያቆራርጣል።

ካሴቱን ደጋግሞ ማጫወት። አሮጌ ክር ሊበጠስ ይችላል። በደህና ማጫወቻ አንዴ በጥራት ገልብጡትና ግልባጩ ላይ ሥሩ።

ድምፁ ሳይለይ በግድ መጨረስ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። «ናው ኤንድ ዜን» የተባለው ዴሞ ላይ የሌነን ድምፅና ፒያኖው አንድ ላይ ተቀድተዋል። እዝዝ የሚል የኤሌክትሪክ ድምፅም አለበት። ፒያኖው ጎላ ሲል የሌነን ድምፅ ይዋጣል። ፖል፣ ጆርጅ ሃሪሰንና ሪንጎ ስታር በ1995 ሞክረው ተዉት። ጆርጅ አልወደደውም፤ ጓደኞቹም አላስገደዱትም። በኋላ የፊልም ዳይሬክተሩ የፒተር ጃክሰን ቡድን ያበጀው ሶፍትዌር ድምፁን ከፒያኖው ለየው፤ ዘፈኑም በ2023 ወጣ። ለኔ ያ ሁሉ ጥበቃ ትክክል ነበር።

ሶፍትዌሩ ስላለ ግን ሁሉን ማጽዳት አያስፈልግም። ትንፋሹን ከድምፁ ካወጣችሁት የሚቀረው ሰው አይመስልም።

ምቱን ማደንዘዝ። ብቻውን ፒያኖ ይዞ የሚዘፍን ሰው ስሜቱ ሲመጣ ይፈጥናል፣ ሲከፋው ይዘገያል። በጣም የወጣውን ማስተካከል ያባት ነው። እያንዳንዱን ቃል ከክሊክ (ምት ከሚቆጥረው የማሽን ድምፅ) ጋር ማጣበቅ ግን ዘፈኑን ይገድለዋል። ድራሙ እሱን ይከተል።

የጎደለውን በማስመሰል መሙላት። በዚህ ላይ አልደራደርም። የኩዊን ባንድ ዘፋኝ ፍሬዲ መርኩሪ በ1991 ከመሞቱ በፊት «ማዘር ላቭ»ን ሲቀዳ የመጨረሻው ስንኝ ቀረ። የባንዱ ጊታሪስት ብራያን ሜይ በራሱ ድምፅ ዘፈነው። አድማጩ ድምፁ ሲቀየር ይሰማል፤ ቢሰማም ይገባዋል። ዛሬ የሟችን ድምፅ በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት ቀላል ስለሆነ ፈተናው በርትቷል። ሰውየው ያልዘፈነውን ቃል በአፉ አታስገቡ።

ምን እንደሠራችሁ አለመናገር። ማካርትኒ በ2023 ከ«ናው ኤንድ ዜን» ጋር አያይዞ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲያነሳ ብዙ ሰው የሌነን ድምፅ የተፈበረከ መስሎት ነበር። ድምፁ የራሱ መሆኑን ማስረዳት ግድ ሆነ። የቱ የድሮ፣ የቱ አዲስ እንደሆነ ገና ሲወጣ ግለጹ።

ስንኝ መቁረጥ። ከ«ናው ኤንድ ዜን» ዴሞ አንድ ክፍል በመጨረሻው ቅጂ ውስጥ የለም፤ አድናቂዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። እኔ ብሆን አልቆርጠውም ነበር። መቁረጥ የግድ ከሆነም ዴሞውን እንዳለ አብሮ ማውጣት ይሻላል።

ያልተሳካውን ሙከራ መጣል። የቀዳችሁትን ሁሉ ስምና ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ጆርጅ በ2001 አረፈ። በ2023ቱ ዘፈን የሚሰማው ጊታሩ ግን በ1995 በተተወው ሙከራ ላይ የተቀዳው ነው።