ከድሬዳዋ ውሃና ሙቀት ጋር የሚስማማ የዕፅዋት አኳሪየም በአነስተኛ ወጪ

በድሬዳዋ አኳሪየም (ዓሣና የውሃ ዕፅዋት የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ) ለማዘጋጀት የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የቤቱን ማንቆርቆሪያ ከፍቶ ውስጡን ይመልከት። ግድግዳው ላይ የተጋገረው ነጭ ቅርፊት ከቧንቧ ውሃችን ጋር የሚመጣ ኖራ ሲሆን፣ የትኛው ዓሣና የትኛው ተክል እንደሚስማማን የሚወስነውም እርሱ ነው። ይህን ኖራ የበዛበት «ጠንካራ» ውሃ ኖራውን ቀንሶ ለማለስለስ ገንዘብ ከማፍሰስ ይልቅ እርሱኑ የሚወዱ ዕፅዋትና ዓሣዎችን መምረጥ ትልቁ ቁጠባ ነው።

ገንዳውን መስታወት ቤት አስቆርጦ ራስ መገጣጠም ይቻላል። 60 ሳንቲሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድና 35 ከፍታ ላለው ገንዳ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ይበቃል። የጎኖቹ መስታወቶች በፊትና በኋላ መስታወቶች መካከል ስለሚገቡ ወርዳቸው 30 ሳይሆን 28.8 ሳንቲሜትር እንዲሆን ለቆራጩ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። መስታወቶቹ የሚጣበቁበት ሲሊኮን ሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት ሊሆን ይገባል፤ መከላከያው መርዝ ስለሆነ ዓሣ ይገድላል። ከተለጠፈ በኋላ ቢያንስ ለ3 ቀን፣ ከተቻለም ለሳምንት ይድረቅ። ገንዳው ሲሞላ ወደ 80 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ጠንካራና ፍጹም ደልዳላ፣ የፀሐይ ብርሃንም በቀጥታ የማያርፍበት መሆን አለበት።

ለወለሉ ከመደብር የሚገዛ ልዩ አፈር አያስፈልግም። ማዳበሪያም ሆነ ፍግ ያልገባበት የጓሮ አፈር ተነፍቶ 2.5 ሳንቲሜትር ያህል ይነጠፋል፤ በላዩም ላይ 3 ሳንቲሜትር የታጠበ አሸዋ ይደረባል። ከግንባታ የተረፈ አሸዋ ለዚህ ይሆናል፣ ነገር ግን ከጎርፍ መውረጃ የመጣ አሸዋ ብዙ አፈር ስለሚይዝ በሳፋ ውስጥ እየታሸ፣ የሚደፋው ውሃ ጥርት እስኪል ድረስ ይታጠብ። እኔ ካሥራ ሁለት ጊዜ በታች አጥቤ ጠርቶልኝ አያውቅም። ለማስዋቢያ የሚገባ ድንጋይ ካለ ሎሚ ይንጠብበት፤ ጠብታው ከፈላ ድንጋዩ ራሱ ኖራ ስላለበት ቢቀር ይሻላል።

ጠንከር ያለ ውሃ ከሚወዱት ተክሎች መካከል ቫሊስኔሪያና ሆርንዎርት ቀዳሚዎቹ ናቸው። ቫሊስኔሪያ ሲተከል ሥሩ ብቻ እንጂ ቅጠሎቹ የሚወጡበት አንጓ አይቀበር፣ ይበሰብሳልና። ሆርንዎርት ሥር ስለሌለው ውሃው ላይ መልቀቅ ብቻ ይበቃል፤ ፈጥኖ ስለሚያድግም ለዓሣ መርዝ የሆነውን አሞንያ ከውሃው ይመጥጣል። አኑቢያስ ከተገኘ ግን አግድም የሚሄደው ግንዱ አሸዋ ውስጥ ሳይገባ ከድንጋይ ጋር በክር ይታሰር። ከሐይቅ ወይም ከወንዝ ተክል ማምጣት ለሚፈልጉ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ የቢልሃርዝያን ጥገኛ ትል የሚያስተላልፉት የውሃ ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ፣ ቀንድ አውጣም ሆነ የተፈጥሮ ውሃ ወደ ቤት አይግባ።

የቧንቧው ውሃ ክሎሪኑ እንዲተን ሰፊ አፍ ባለው ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ከቆየ በኋላ፣ አሸዋው እንዳይናድ ሳህን ላይ እያንቆረቆሩ ቀስ ብሎ ይሞላል። ለመብራት የብርሃን ቀለሙ 6500 ኬልቪን (የቀን ብርሃን የሚመስል ነጭ) የሆነ ባለ 10 ዋት የኤልኢዲ አምፖል በቂ ነው። በቀን ለ6 ወይም ለ8 ሰዓታት ያህል ይብራ፤ ከዚያ በላይ ቢበራ የሚጠቀመው አልጌ (መስታወቱ ላይ የሚያድገው አረንጓዴ ዝልግልግ) ነው።

ዓሣ ለማስገባት አይቸኮል። መርዛማውን አሞንያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች እስኪባዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ዕፅዋቱ አዲስ ቅጠል እያወጡ ከሆነ በመጀመሪያ ጋፒ የሚባሉ 3 ትናንሽ ዓሣዎችን ብቻ ማስገባት ይቻላል፤ እንዳይዋለዱ ሦስቱም ወንድ ይሁኑ። ጋፒ፣ ሞሊና ፕላቲ የኛን ውሃ ይወዳሉ። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ግን ተክሉን ስለሚበላና በጣም ስለሚያድግ ለዚህ ገንዳ አይሆንም።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ፣ እኔንም ብዙ ዓሣ ያስከፈለኝ እርሱ ነውና። በግንቦትና በሰኔ ውሃው ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ሌሊት ደግሞ ዕፅዋቱ ራሳቸው ኦክስጅን ይወስዳሉ። ማለዳ ዓሣዎቹ ከውሃው ገጽ አፋቸውን አውጥተው ሲያለከልኩ ከታዩ ምክንያቱ ይኸው ነው። ክዳኑን ከፍቶ ትንሽ ማራገቢያ በውሃው ገጽ ላይ እንዲነፍስ ማድረግ ሙቀቱን ጥቂት ዲግሪ ያወርደዋል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በኩባያ እየጨለፉ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል።

ነገር ግን በማራገቢያ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ኖራው እዚያው ይቀራል። እኔ ለወራት የጎደለውን በቧንቧ ውሃ እየሞላሁ ቆይቼ በመስታወቱ ዙሪያ ነጭ መስመር ሲወፍር አይ ነበር፣ ትርጉሙን የተረዳሁት ግን ለስላሳ ውሃ የሚወዱት፣ ቴትራ የሚባሉት ዓሣዎቼ አንድ በአንድ ካለቁ በኋላ ነው። ስለዚህ የተነነውን ለመተካት የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን ካጠበው በኋላ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ፣ እርሱ ከሌለ ፈልቶ የቀዘቀዘና ዝቃጩ የቀረ ውሃ ይጨመር። ከዚህ በተጨማሪ በየሁለት ሳምንቱ ከውሃው አንድ አራተኛው ተቀድቶ ወጥቶ፣ ክሎሪኑ በወጣለት የቧንቧ ውሃ ይተካ።

ሆርንዎርቱ በየወሩ መቀነስ ይኖርበታል። የተቆረጠው ፀሐይ ላይ ደርቆ ጓሮ ይቀበር እንጂ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ አይጣል፤ ከቦታው ውጪ የገባ የውሃ ተክል ምን እንደሚያደርግ በጣና ላይ ከተንሰራፋው እምቦጭ አይተናል።