ሒፍዙም ሒሳቡም፦ ከእስላማዊ ሃይስኩል ወደ ኮሌጅ

ወላጆች «ኡስታዝ» ይሉኛል፤ የማስተምረው ግን አልጀብራ ነው። አሜሪካ ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ እስላማዊ ሃይስኩል ጠዋት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ከዙህር ሶላት በኋላ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆችን የኮሌጅ ማመልከቻ አያለሁ። ቢሮዬ ከሚመጡት ወላጆች ግማሾቹ «ዲኑን ይያዝልኝ እንጂ ኮሌጁ የትም አይሄድም» ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ ልጃቸው ቁርኣን ላይ ያሳለፈው ሰዓት ከኮሌጅ እንዳያስቀረው ይሰጋሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። የቁርኣኑ ሰዓት ልጁን የሚጎዳው ሒሳቡን ከበላበት ወይም ወረቀት ላይ ሳይታይ ከቀረ ብቻ ነው።

ከሒሳቡ እንጀምር። 12ኛ ክፍል ላይ ካልኩለስ እንዲደርስ የምትፈልጉት ልጅ አልጀብራ 1ን 8ኛ ክፍል መጨረስ አለበት። ከዚያ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2፣ ፕሪካልኩለስ እያለ በየዓመቱ አንድ ደረጃ ይወጣል። ኢንጂነሪንግ ለሚያስብ ልጅ ይህ መሰላል ቀልድ አይደለም። ችግሩ፣ የሙሉ ቀን ሒፍዝ (ቁርኣንን በቃል መያዝ) ብዙ ጊዜ የሚወድቀው 6ኛና 7ኛ ክፍል ላይ ነው፤ ልክ መሰላሉ ሥር። ልጁ 30ውን ጁዝእ (የቁርኣን ክፍል) ጨርሶ፣ ማሻአላህ ተብሎ፣ ተሞሽሮ ሲመለስ ክፍልፋይ መደመር ጠፍቶት አገኘዋለሁ። ስለዚህ በሒፍዙ ዓመት ሌላው ሁሉ ቢቆም ሒሳብ አይቁም፤ በቀን 40 ደቂቃ ይበቃዋል። መሰላሉ ካመለጠው ደግሞ ጂኦሜትሪን በክረምት (በሰመር) ኮርስ መያዝ ይቻላል፤ ግን ክረምቱን ሙሉ እንደሚበላ እወቁት።

ቀጥሎ ትራንስክሪፕት፣ ማለትም ልጁ የወሰዳቸው ኮርሶችና ውጤቶቻቸው ዝርዝር። በመጀመሪያው ዓመቴ የአንዲት ተማሪ ትራንስክሪፕት «ቁርኣን 3» የሚል መስመር ይዞ እንዲሁ ሄደ። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ተደወለልኝ፦ «ይህ ኮርስ ነው ወይስ ክበብ?» ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከማመልከቻ ጋር የሚላክ፣ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዋውቅ አንድ ገጽ አለ፤ እኛ ያን ጊዜ በወጉ አላዘጋጀነውም። ዛሬ እዚያ ገጽ ላይ ኮርሱ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈተን፣ በምን እንደሚታረም ተጽፏል። የልጃችሁን ትምህርት ቤት ይህን ገጽ አሳዩን በሉት። ከሌለው እናንተ ጎትጉቱ፤ እኛ አማካሪዎች ካልተጎተጎትን እንተኛለን።

አሁን የሚያስደነግጠውን ልንገራችሁ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ቤቱን ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) እንዳለ አይወስድም፤ በራሱ ዝርዝር መልሶ ያሰላዋል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ 15 የዓመት ኮርሶችን ይጠይቃል፦ እንግሊዝኛ 4፣ ሒሳብ 3፣ ሳይንስ 2፣ ታሪክ 2፣ ቋንቋ 2፣ ሥነ ጥበብ 1፣ የምርጫ ኮርስ 1። ዐረብኛ፣ ኮርሱ በዩኒቨርሲቲው ከጸደቀ፣ በቋንቋ ይቆጠራል። የእምነት ትምህርት ግን በእምነትነቱ አይቆጠርም። ስለዚህ 10ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ይህን አድርጉ፦ ትራንስክሪፕቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፣ የዲን ትምህርቶቹን መስመሮች በማስመሪያ ሸፍኑ፣ የቀረውን ደምሩና አካፍሉ። ባለፈው አንድ አባት ፊት ለፊት ሠራነው፤ 3.8 የነበረው 3.4 ሆኖ ወጣ። አባትየው ማስመሪያውን አንስቶ እንደገና አየና ዝም አለ። ደግነቱ ገና ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር።

ዐረብኛን ካነሳን አይቀር፣ በኤፒ፣ ማለትም ለሃይስኩል ተማሪ በሚሰጠው የኮሌጅ ደረጃ ፈተና፣ ዐረብኛ የለም። ቁርኣን በተጅዊድ (በአነባበብ ሕጉ) አሳምሮ የሚቀራ ልጅ ጋዜጣ ላይረዳ ይችላል፤ ማመልከቻው ላይ «አቀላጥፎ ይናገራል» ብላችሁ አትጻፉበት። እውነተኛ ችሎታ ካለው፣ ብዙ ስቴቶች ለሁለት ቋንቋ ተናጋሪ ተመራቂ ዲፕሎማ ላይ የሚለጠፍ ማኅተም ይሰጣሉ። ቤት ውስጥ አማርኛ የምታወሩ ከሆነ ደግሞ በአማርኛም ፈተና አለ፤ ልጁ ማንበብና መጻፍ ከቻለ ይሞክረው።

ትምህርት ቤታችሁ እንደኛ ትንሽ ከሆነ የፊዚክስ ላብ ላይኖረው ይችላል። በአቅራቢያ ባለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮርሱን መውሰድ ይቻላል። ያ ውጤት ግን ለዘለዓለም የኮሌጅ ሪከርድ ላይ ይቀራል፤ ያልተዘጋጀ ልጅ እንዳትልኩ።

ፈተናና ረመዳን። ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና አሜሪካ ውስጥ ከ2024 ጀምሮ በኮምፒውተር ሆኗል፤ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይፈጃል፣ ከ1600 ይታረማል። በ2025ም በ2026ም የማርቹ ፈተና ረመዳን ውስጥ ዋለ። ጾመኛ አይፈተንም አልልም፤ ሱሑር በልቶ ጥሩ የሠራ ልጅ አለኝ። ቢሆንም ሌሊት ተራዊሕ (የረመዳን ሌሊት ሶላት) ቆሞ ጠዋት መፈተን ግዴታ ካልሆነ ለምን? እኔ ከ12ኛ ክፍል በፊት ያለውን የኦገስት ፈተና እመርጣለሁ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ በ2030 ሁለት ጊዜ ይገባል፤ ሁለተኛው በዲሴምበር መጨረሻ ነው፣ ልክ የማመልከቻ መዝጊያ ሰሞን። ዛሬ መለስተኛ ደረጃ ያላችሁ ልጆች ያኔ ያገኛችኋል። ኤፒ ደግሞ በሜይ ይሰጣል፤ ዓርብ ቀትር ላይ የዋለ ፈተና ከጁምዓ ሶላት ጋር ይጋጫል። ሃይማኖታዊ ምክንያት ለተለዋጭ ቀን ስለሚያበቃ አስተባባሪውን ቀደም ብላችሁ አነጋግሩ፤ በፈተናው ሳምንት ብትመጡ ማንም አይሰማችሁም።

ኮመን አፕ፣ በአንድ ቅጽ ለብዙ ኮሌጆች የሚያመለክቱበት ድረ ገጽ፣ ኦገስት 1 ይከፈታል። እዚያ 10 የትርፍ ጊዜ ሥራዎች ይመዘገባሉ፣ ለእያንዳንዱ መግለጫ 150 ፊደል ብቻ፣ ክፍተትም ይቆጠራል። የልጆቻችን ድካም የሚታየው ወይም የሚቀበረው እዚህ ነው። አንዲት ሓፊዛ (ቁርኣንን በቃሏ የያዘች) ተማሪዬ በእንግሊዝኛ የጻፈችው ትርጉሙ «ቁርኣን እሐፍዛለሁ፣ መስጊድም እረዳለሁ» ብቻ ነበር። አጠገቤ አስቀመጥኳትና ጠየቅኋት።

«ስንት ገጽ ነው?»
«የመዲናው ሙስሐፍ 604።»
«ስንት ዓመት ፈጀ?»
«አራት።»
«አሁንስ?»
«በቀን አንድ ጁዝእ እከልሳለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሕፃናት አስቀራለሁ።»
«ይህን ለምን አልጻፍሽውም?»
«መመጻደቅ አይሆንም እንዴ?»

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። መልሴ አጭር ነው፤ ቁጥር መናገር መመጻደቅ አይደለም፣ ጠያቂው ያዘጋጀው ሳጥን ነው። የጻፍነው እንዲህ ሆነ፦ «604 ገጽ በቃሌ፣ 4 ዓመት፤ በየቀኑ 20 ገጽ ክለሳ፤ ቅዳሜ 9 ሕፃናት አስተምራለሁ።» የሳምንት ሰዓቱ በራሱ ሳጥን ይሞላል። ልጃችሁ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እነዚህን ቁጥሮች ደብተር ላይ ይያዝ፤ 12ኛ ክፍል ላይ ማንም አያስታውሳቸውም።

የማመልከቻውን የ650 ቃል ድርሰት በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ፤ «ሙስሊም ሆኜ አሜሪካ ማደግ» የሚለውን ተዉት። ብዙ አንብቤአለሁ፣ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። እስካሁን የማልረሳው አንድ ልጅ በተራዊሕ ሌሊት መስጊድ በር ላይ ጫማ ስለ መደርደሩ የጻፈውን ነው፤ የሰዎቹን ማንነት በጫማቸው ያውቅ ነበር፣ አንድ ሌሊት የአንድ አዛውንት ጫማ ሳይመጣ ሲቀር ሊጠይቃቸው ሄደ። ስለ እምነቱ አንድ ዐረፍተ ነገር አልጻፈም።

የድጋፍ ደብዳቤ ከኢማሙ ማምጣት ይቻላል፤ ግን እንደ ተጨማሪ። ሁለቱ ዋነኛ ደብዳቤዎች የ11ኛ ክፍል ሒሳብ፣ ሳይንስ ወይም እንግሊዝኛ ካስተማሩት ይሁኑ።

በመጨረሻ ገንዘብ። «ወለድ አለበት» ብለው ፋፍሳን (የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻውን) ጭራሽ የማይሞሉ ቤተሰቦች አሉ፤ በዚህም የሚገባቸውን ያጣሉ። ፋፍሳ ብድር አይደለም፣ የገቢ መግለጫ ቅጽ ነው። ፔል ግራንት፣ የመንግሥት የትምህርት ድጎማ፣ የሚገኘው በእሱ ነው፤ በ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር፣ በተለመደው ሁኔታ አይመለስም፣ ወለድ የለውም። ብዙ ኮሌጆች የራሳቸውን እርዳታ ለመስጠትም ይህንኑ ቅጽ ይጠይቃሉ። ቅጹ ተሞልቶ ኮሌጁ የእርዳታውን ዝርዝር ሲልክ ግራንቱ፣ የተማሪ ሥራውና ብድሩ በየመስመሩ ተለይተው ይመጣሉ። ስለ ብድሩ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ፤ ያ የእኔ ሙያ አይደለም። ካልፈለጋችሁት ልጁ በብድሩ መስመር ላይ አልቀበልም ይላል፤ ግራንቱ አይነካም።