የቲልን ቀልድ በጆሮ መከተል

«ቲል ኦይለንሽፒገል» የተባለውን የኦርኬስትራ ሙዚቃ መጀመሪያ የሰማሁት በስልክ ስፒከር ነበር። ምንም አልገባኝም። ስለዚህ እናንተ ኢርፎን አድርጉ። 15 ደቂቃ ያህል ነው፤ ሌላ ሥራ አትያዙ።

ቲል ኦይለንሽፒገል የጀርመኖች የመካከለኛው ዘመን ተረት ቀልደኛ ነው። የታዘዘውን ቃል በቃል እየፈጸመ አሠሪዎቹን ያሳብዳል። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሪቻርድ ሽትራውስ ታሪኩን በ1895 እ.ኤ.አ. በኦርኬስትራ ተረከው።

መክፈቻውን ቫዮሊን «ድሮ ድሮ...» እንደሚል ሰው ስሙት። ከዚያ ሆርን፣ ማለትም የተጠቀለለው የነሐስ ጥሩምባ፣ ብቻውን ይነሳል። ወደ ላይ እየዘለለ ይወጣል፤ መጨረሻው ላይ ጥልቅ ድረስ ይወርዳል። ይሄ ቲል ነው። ሌላውን ሳትቀጥሉ እዚችን ሦስት አራት ጊዜ መልሳችሁ ስሙ፤ እስክታንጎራጉሯት ድረስ። በቀጭን ድምፅ የምትቀብጠው ትንሿ ክላርኔት (በትንፋሽ የምትነፋ መሣሪያ) ደግሞ ተንኮሉ ናት።

ቲል ገበያ መሃል በፈረስ ሲጋልብ፣ ሲዞር የሚንቋቋ የእንጨት መሣሪያ ትሰማላችሁ። ሸቀጡ ተበተነ ማለት ነው! ቀጥሎ ቲል ሰባኪ የሚመስልበትንና በፍቅር የሚወድቅበትን ክፍል ዝም ብላችሁ ተከተሉት።

ታምቡሩ ሲያጉረመርም ግን ጆሯችሁን አቅኑ። ፍርድ ቤት ነው። ዳኞቹ በወፍራም ድምፅ ይጠይቃሉ። ክላርኔቷ መጀመሪያ በንቀት፣ ኋላ በጩኸት ትመልሳለች። ቀጥሎ ሁለት ከባድ ድምፆች፣ ከላይ ወደ ታች። ተሰቀለ። እኔ እዚህ ጋ ሁሌም ትንፋሼን እይዛለሁ።

እንዳትዘጉት። «ድሮ ድሮ» ያለው ዜማ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ከዚያ ኦርኬስትራው በሙሉ በቲል ሳቅ ይፈነዳል።