ጉቦኛ አለቃን በአንድ ጣሳ ጀንፈል ማስተማር

ጅማ ውስጥ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ሙስና የሚለው ምዕራፍ ጋ ስንደርስ ክፍሉ ማዛጋት ይጀምራል። ልጆቹ ትርጉሙን በቃላቸው ያውቁታል፤ ለፈተና ይጽፉታል፤ በቃ። ስለዚህ ትርጉም ማስገልበጡን ትቼ አንድ ሰው ማስተማር ጀመርኩ። ኢኖክ ጆንሰን ይባላል፤ ሰው የሚያውቀው ግን ናኪ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። አትላንቲክ ሲቲ የምትባለውን የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ከተማ 30 ዓመት ገደማ እንደ ጓዳው ያዘዘባት ሰው ነው። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ጣሳ ጀንፈል ነው፤ ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ማለት ነው። ለጨዋታው ገንዘብ ይሆናል። ጅማ ውስጥ ከማንም ቤት ይገኛል፤ ካጣችሁ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ውጡ። በቅቤ ተጠብሶ የሚበላውን ቡና ቀላ ግን ይዛችሁ እንዳትገቡ። ገንዘቡን ይበሉታል።

መጀመሪያ ሳስተምረው "ይሄ ሰውዬ ሌባ ነበር" ብዬ ጀመርኩ። በአምስት ደቂቃ አለቀ። ሌባ መጥፎ ነው፤ ሁሉም ተስማማ፤ ጥያቄ የለም። አሁን ከከሰል ነው የምጀምረው። ጆንሰን በክረምት ለድሃ ቤተሰቦች ከሰልና ልብስ ያድል ነበር። የዚያ አገር ክረምት በረዶ መሆኑን ንገሯቸው፤ ከሰሉ ጀበና መጣጃ ሳይሆን ቤት ማሞቂያ ነው። ቀጥላችሁ አለባበሱን አሳዩ፦ ኮቱ ላይ በየቀኑ ትኩስ ቀይ አበባ ይሰካል። ባሕሩ ዳር ባለ ትልቅ ሆቴል፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። የሚሄደው በሰማያዊ ሮልስ ሮይስ ነው። ልጆቹ ሳይወዱ በግድ ይወዱታል። ውደዱት በሏቸው።

አሁን ጀንፈሉን አውጡ። አምስት ልጆች መሸታ ቤትና ቁማር ቤት ይክፈቱ፤ ለእያንዳንዳቸው 20 ፍሬ ስጡ። እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 አሜሪካ ውስጥ መጠጥ መሸጥ በሕግ ክልክል እንደነበር አስታውሷቸው። አትላንቲክ ሲቲ ግን እንደልብ ይጠጣ ነበር፤ እንግዳ የሚጎርፈውም ለዚያ ነው። ሁለት ልጆች ፖሊስ፣ አሥር ልጆች ድሃ መራጭ፣ አንዱ አለቃ ይሁኑ። በየዙሩ እያንዳንዱ ነጋዴ ለአለቃው 4 ፍሬ ያስገባል። አለቃው ለፖሊሶቹ ሁለት ሁለት፣ ለድሆቹ አንዳንድ ይሰጣል። የተረፈው ኪሱ ይገባል። ሦስት ዙር አጫውቱ። 60 ገብቶ 42 ይወጣል፤ 18 ኪሱ ይቀራል።

ከዚያ ምርጫ። በአንድ በኩል የአለቃው ሰው፣ በሌላ በኩል ባዶ እጁን የቆመ ንጹሕ ሰው። ባለፈው ዓመት ንጹሑን የሆነችው የክፍሉ አንደኛ ተማሪ ነበረች፤ አሳምራ ተናገረች። ከአሥሩ ድሆች ዘጠኙ የአለቃውን ሰው መረጡ። አሥረኛዋ የቅርብ ጓደኛዋ ነች። ልጅቷ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። አንዱ ከኋላ "ቲቸር፣ እሷ ምን ሰጠችን?" አለኝ። እዚህ ጋ ዝም በሉ። እኔ ቶሎ መልስ ሰጥቼ ያበላሸሁት ቀን አለ።

ዝምታው ውስጥ አንድ ልጅ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ማለቱ አይቀርም። ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ቀጥላችሁ 18ቱ ፍሬ መጀመሪያ የማን እንደነበር ጠይቁ። ነጋዴዎቹ እጃቸውን ያወጣሉ። ነጋዴው 4ቱን ከየት እንደሚያካክስ ጠይቁ። አሁን ድሆቹ ቀና ይላሉ፤ ዋጋ ጨምሮባቸው የከፈሉት እነሱ ናቸዋ! የተሰጣቸው አንድ ፍሬ የራሳቸው መሆኑ ያኔ ይገባቸዋል።

የሥልጣኑን መንገድ በአጭሩ እለፉት። አባቱ የአውራጃው ሸሪፍ፣ ማለትም ተመርጦ የሚሾም የፖሊስ አዛዥ ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1908 በዚያው ወንበር ተመረጠ። ከእሱ በፊት የነበረው አለቃ ሉዊስ ኩንሊ እስር ቤት ሲገባ፣ ጆንሰን በምርጫ ማጭበርበር ተከሶ ነጻ ወጣና ቦታውን ያዘ። ከዚያ የአውራጃው ገንዘብ ያዥ ሆነ። ከንቲባ አልሆነም። ካዝናውን የያዘ ሰው ከንቲባነት ምን ያደርግለታል? ያን ጊዜ ጅሬን ላይ አባ ጅፋር ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ይህን ስትነግሯቸው ዘመኑ ይቀርባቸዋል።

አለቃው እንዴት እንደተያዘ ስታሳዩ ግን አትቸኩሉ። አንዲት ልጅ ግብር ሰብሳቢ አድርጉ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ስጧት። "ለምን ሰረቅክ?" እንዳትል አስጠንቅቋት። የምትጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ስንት ገባልህ? ስንት አስመዘገብክ? አለቃው "ለሕዝብ ነው ያከፋፈልኩት" ይላል። ትጽፍና ኪሱን ታስፈትሻለች። ጆንሰንን የጣለው ይኸው ነው። በመጠጡ ሳይሆን፣ ከሕገወጥ የቁጥር ሎተሪ አጫዋቾች ተቀብሎ ግብር ባልከፈለበት ገንዘብ ተከሰሰ። በ1941 አሥር ዓመት እስራትና 20,000 ዶላር ቅጣት ተፈረደበት። አራት ዓመት ታስሮ በ1945 በአመክሮ ወጣ። በ1968 ሲሞት 85 ዓመቱ ነበር። 1941 ሲባል ልጆቹ በእኛ አቆጣጠር ያስቡታል፤ በእኛ 1933፣ ጣሊያን የወጣበት ዓመት ነው በሏቸው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ጀንፈሉን ቆጥራችሁ ስጡ፣ ቆጥራችሁ ተቀበሉ። እኔ ዘንድሮ ጣሳውን መልሼ ስቆጥር 11 ፍሬ ጎደለኝ። አለቃውን ፈተሽኩት፤ ምንም የለበትም። ፖሊሶቹ ጋ ነበር።